የቤት ባለቤቶች ማህበራት ደንብ የማውጣት ሥልጣንና የህግ ወሰኑ

በአንድ የጋራ ህንፃ ወይም ግቢ የሚኖሩ የቤት ባለቤቶች ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የውሃ መስመሩን በጋራ ለማስተዳደር ማህበር ማቋቋም ግድ ይላቸዋል። ማህበሩም መዋጮ ይሰበስባል፣ ደንብ ያወጣል፣ ደንቡን የጣሰውን ይቀጣል። ይህ ሥልጣን በባህርይው ከመንግሥት ሥልጣን ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ በህግ ካልተገደበ አባሉ በገዛ ቤቱ ላይ ያለው መብት በጎረቤቶቹ የድምፅ ብልጫ ሊሸረሸር ይችላል።

ማህበራቱ እጅግ በተስፋፉባት አሜሪካ ጉዳዩ ፍርድ ቤቶችንና ህግ አውጪዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ቀዳሚው ገደብ የመነጨው ከህገ መንግሥቱ ነው። በበርካታ ከተሞች ጥቁሮች በሠፈሩ እንዳይኖሩ የሚከለክሉ የጎረቤታሞች ውሎች ነበሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1948 ሼሊ ከክሬመር በተከራከሩበት መዝገብ፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸማቸው የእኩል ጥበቃ መብትን እንደሚጥስ ወሰነ። እ.ኤ.አ በ1968 የወጣው የፌዴራል ህግ ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር የሚደረግ መድልኦን ከለከለ።

ሁለተኛው ገደብ ምክንያታዊነት ነው። የፍሎሪዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1975 በጋራ መዝናኛ አዳራሽ የአልኮል መጠጥ የከለከለን ደንብ ሲያጸና፣ በጋራ መኖር ከግል ነፃነት ጥቂቱን መተው እንደሚጠይቅ፣ ደንቡ ግን ምክንያታዊ ሊሆን እንደሚገባው አስረድቷል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ እ.ኤ.አ በ1994 ድመት ማሳደግን የሚከለክል ድንጋጌ አጽንቷል። ምክንያቱም ክልከላው ቤቶቹ ከመሸጣቸው በፊት ተመዝግቦ ለገዢዎች የታወቀ ነበር። ይሁንና የህዝብን ጥቅም የሚጻረር፣ የዘፈቀደ፣ ወይም ጉዳቱ ከጥቅሙ እጅግ የሚያመዝን ድንጋጌ እንደማይጸና በውሳኔው ተመልክቷል።

ገዢው አስቀድሞ አውቆት የገባበት ውል አንድ ነገር ነው፤ የሥራ አመራር ቦርድ ከጊዜ በኋላ የሚያወጣው ደንብ ሌላ ነው። በመሆኑም የካሊፎርኒያ ህግ የቦርድ ደንብ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ከቦርዱ ሥልጣን ያልወጣ፣ ከህግና ከመተዳደሪያ ሰነዶች ጋር የማይጋጭ፣ በቅን ልቦና የወጣና ምክንያታዊ እንዲሆን ያዛል። የአባላትን የቤት አጠቃቀም፣ ቅጣትና መሰል ጉዳዮችን የሚመለከት ደንብ ከመውጣቱ በፊት፣ አስቸኳይ ሁኔታ ካላጋጠመ በስተቀር፣ ቢያንስ የ28 ቀናት ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ከቤቶቹ 5 በመቶ የሚሆኑት ባለቤቶችም ደንቡ እንዲሻር ድምፅ ማስጠራት ይችላሉ።

ሦስተኛው በዝርዝር ህግ የተጣለ ገደብ ነው። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ1996 ባወጣው ደንብ፣ ባለቤቶች ለብቻቸው በሚጠቀሙበት ሥፍራ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ የሳተላይት ዲሽ እንዳይተክሉ ማህበራት ሊከለክሉ አይችሉም። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ በ2025 ለጤናና ለደህንነት ከሚያሰጉ ጥፋቶች በስተቀር የማህበራትን ቅጣት በጥፋት ከ100 ዶላር እንዳይበልጥ ወስናለች። እርግጥ ነው፣ ገደቡ ከመጠን ሲያልፍ አቅም ያለው ሰው ቅጣቱን እንደ ክፍያ ቆጥሮ ደንቡን መጣሱን ሊቀጥል ይችላል። የማህበሩ መዳከም ደግሞ ሥርዓት አክባሪውን ነዋሪ ይጎዳል።

ተሞክሮው ለአገራችንም ፋይዳ አለው። የጋራ ህንፃ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ ወዲህ በአዲስ አበባ በርካታ ቤተሰቦች የኮንዶሚኒየም ባለቤት ሆነዋል። የህገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 ህገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት የጣለው በመንግሥት አካላት ላይ ብቻ ሳይሆን በዜጎች፣ በማህበራትና በባለሥልጣኖቻቸውም ላይ ጭምር ነው። ስለሆነም ለማህበራት ድጋፍ የሚሰጡ ባለሙያዎች አንድ ደንብ ሲቀርብላቸው አባላት አስቀድመው አውቀውት እንደሆነ፣ ከማህበሩ ሥልጣን ያልወጣ መሆኑንና ለሁሉም እኩል የሚሠራ መሆኑን ሊመረምሩ ይገባል። የአብዛኛው ድምፅ ደንብ ለማውጣት በቂ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱን አባል መብት ለመሻር ግን አይበቃም።