የቤቱ ኢንሹራንስ የእጅን ሥራ አይሸፍንም



ባለፈው የታክስ ሰሞን፣ በክሊቭላንድ አቬኑ በኩል የውበት ሳሎን ያላት አንዲት እህታችን የጠበቃ ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጸጉሯን ቀለም የተቀባች ደንበኛ የራስ ቆዳዋ ቆስሎ ካሳ ትጠይቃለች። እህታችን ብዙም አልደነገጠችም፤ «ኢንሹራንስ አለኝ» አለችኝ። ውሉን ገልጠን ስናነብ ግን ደንበኛ ወለል አዳልጦት ቢወድቅ የሚከፍል እንጂ፣ ከባለሙያዋ ሥራ ለሚመጣ ጉዳት የሚከፍል ሆኖ አልተገኘም። ጥፋቱ የእኔም ነው። አረቦኑን ሦስት ዓመት ሙሉ በወጪ መዝገብ ሳሰፍር ምን እንደተገዛበት አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

የታክሲ ባለንብረቶች ነገሩ አይጠፋችሁም። ለግል መኪና የተገባ ኢንሹራንስ በክፍያ ሰው ጭናችሁ ስትጋጩ በአብዛኛው አይከፍልም። ሳሎንም እንደዚሁ ነው። «ጄኔራል ላያቢሊቲ» የሚባለው ቤቱን ይመለከታል። ለቀለሙ፣ ለማለስለሻው፣ ለሰሙ ግን «ፕሮፌሽናል ላያቢሊቲ» የሚባለው ያስፈልጋል። መኖሪያ ቤቷ ውስጥ ሹሩባ የምትሠራም ብትሆን፣ የቤት ኢንሹራንስ ለንግድ ሥራ በአብዛኛው እንደማያገለግል ትወቅ።

አደጋው ሩቅ አይደለም። በብዙ የጸጉር ቀለሞች ውስጥ ያለው ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ ኬሚካል በአንዳንድ ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ያስነሳል። ለሙሽራ እጅ የሚቀባው «ጥቁር ሂና» ውስጥም ብዙ ጊዜ ይኸው ይገባበታል። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሂናን የፈቀደው ለጸጉር ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ ለቆዳ አልፈቀደም። ያልተፈቀደ ነገር ቀብተን ኢንሹራንሱ ይከፍልልናል ብለን መተማመን አንችልም።

«ኤል.ኤል.ሲ. አለኝ፣ ማን ይነካኛል?» የምትሉም አላችሁ። ኤል.ኤል.ሲ. ከድርጅቱ ዕዳ ይከላከል ይሆናል፤ በገዛ እጃችሁ ላደረሳችሁት ጉዳት ግን በግል ከመጠየቅ አያድንም። ወንበር ተከራይታ የምትሠራም ባለሙያ የባለቤቱ ኢንሹራንስ እኔንም ይሸፍናል ብላ አትገምት። አንድ ሠራተኛ እንኳ ከቀጠራችሁ ደግሞ፣ የኦሃዮ ሕግ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ዋስትና እንድትገቡ ያስገድዳል። ይህን አነስተኛ ነጋዴ የሚገባው ከግል ኩባንያ ሳይሆን ከግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው።

ደንበኛዋ ተቆጥታ ከወጣች በኋላ ድምፅ ባይሰማም ነገሩ አለቀ አይባልም። በኦሃዮ አካሉ የተጎዳ ሰው በጥቅሉ እስከ 2 ዓመት ድረስ መክሰስ ይችላል። ስለዚህ ችግር ሲፈጠር የዚያኑ ቀን ጻፉት፤ ለኢንሹራንሱም ወዲያው አስታውቁ።

በዚህ ሳምንት ወኪላችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የእጅ ሥራዬ ተሸፍኗል? የምሠራቸው አገልግሎቶች በሙሉ በውሉ ተጠቅሰዋል? በቤቴ የሚሠሩትስ ሌሎች ባለሙያዎች? «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ለምትሉ፣ አረቦኑ ከንግድ ገቢያችሁ ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው።

ያቺ እህት ለእናቷ ቤት ማሠሪያ ያጠራቀመችውን አሁን ለጠበቃ እየከፈለች ነው። ሚስቱ ወይም እህቱ ጸጉር የምትሠራ ሁሉ ዛሬ ማታ ውሉን ከመሳቢያ ያውጣና አብረው ያንብቡት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።