አንድ ደብተር ለሁለት

ባለትዳሮች፣ ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አንዲት እኅት የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ፈጽማ ከአዲስ አበባ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ስትመለስ እልልታ ይገባል። ሆኖም ሕክምናው አለቀ ማለት ቀጠሮው አለቀ ማለት አይደለም።

ቀዶ ሐኪሙ የተሠራውን ቦታና የክንዷን እብጠት ያያል። የካንሰር ሐኪሙ መድኃኒቷን ይከታተላል። አንዳንዱ መድኃኒት ልብን ሊጎዳ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ታሞክሲፈን እየወሰደች ያልተለመደ ደም ካየች ደግሞ የማሕፀን ሐኪም ያስፈልጋታል። እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ድርሻ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ የምታውቁት እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አንድ ደብተር ግዛ። የመድኃኒቱን ስም፣ የምርመራውን ውጤትና የቀጠሮውን ቀን ጻፍበት። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ክትትሉ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 እስከ 6 ወሩ ነው፤ ማሞግራም በዓመት አንዴ። ባሕር ዳር መመላለስ ገንዘብም ድካምም ነውና ቀጠሮዎቹ እንዲቀራረቡ ጠይቅ። ብቻዋን አትላካት።

አንቺም እኅቴ፣ «ተጸልዮልኛል፣ ድኛለሁ» ብለሽ ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ የታዘዘልሽን ክኒን በራስሽ አታቋርጪ። ክኒኑ የሚሰጠው በሽታው እንዳይመለስ ነው። ከከበደሽ ለሐኪምሽ ንገሪው። እየጸለይሽ ዋጪው፤ እምነትሽ አይጎድልም።