የባንኮክ በርጩማና የእግረኛው መንገድ

ስለ በርጩማና ስለ ታጣፊ ጠረጴዛ መጻፍ ለጋዜጣ የማይመጥን ሥራ መስሎ የሚታየው አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ በየመንገዱ ዳር ምግብ እያበሰሉ የሚሸጡ ብዙ ሰዎች ኑሯቸው የቆመው በእነዚህ ዕቃዎች እግር ላይ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ይህን ዕቃ እናሻሽል ብሎ የሚነሣ ቅርጽ አውጪ ቢኖር አሳቡ መልካም ነው። እኔ የምፈራው ሥራው ከመልኩ እንዳይጀመር ነው።

አስቀድሞ ዛሬ ያለውን ዕቃ እንመልከት። በርጩማው በአንድ ቅርጽ የፈሰሰ ፕላስቲክ ሲሆን በመካከሉ ቀዳዳ አለው። ይህ ቀዳዳ ለጌጥ የተበሳ አይደለም፤ ጣት ገብቶ እንዲያነሣው፣ የዝናብ ውኃም እንዲወርድበት፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደርም አየር ታምቆ እንዳይጣበቅ ነው። ጠረጴዛው እግሩ የሚታጠፍ፣ ፊቱም ብዙውን ጊዜ ስስ ብረት ስለ ሆነ በአንድ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በላዩም ስኳር፣ የተፈጨ በርበሬ፣ ቃሪያ የተከተተበት ኮምጣጤና ከዓሣ የተጠመቀ ጨዋማ መረቅ ይቀመጣሉ፤ የዚያ አገር ሰው የኑድል ሾርባውን ቅመም ራሱ ማስተካከል ይወዳልና። ሻጪቱ ይህን ሁሉ ከጋሪዋ ጋር ይዛ ትመጣለች፤ ገበያው ሲያበቃ አጣጥፋ ትሄዳለች። የዕቃው ዋና ጥቅም የሚታወቀው በሚነሣበት ሰዓት ነው።

ልማዱም የቆየ ነው። የቻይና ስደተኞች በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ምድጃና ቅርጫት አንጠልጥለው ይዞሩ ነበር፤ በከተማይቱ ቦዮች ላይም ሾርባ በጀልባ ይሸጥ ነበር። ብዙዎቹ ቦዮች ተደፍነው መንገድ ሲሆኑ ጀልባዋ ጋሪ ሆነች ለማለት ይቻላል።

ከ2014 ጀምሮ (ዓመቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የከተማው አስተዳደር የእግረኛው መንገድ ለእግረኛ ይመለስ በማለት ሻጮችን ከብዙ ሰፈሮች አስነሣ። በ2017 ዘመቻው በከተማው ሁሉ እንደሚሰፋ በተሰማ ጊዜ ከአገር ውስጥም ከውጭም ጩኸት ስለ ተነሣ፣ ሹማምንቱ ያዋራትና ካኦ ሳን የተባሉት ሁለት ታዋቂ ሰፈሮች እንደማይነኩ አስታወቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ሚሽላን የተባለው የፈረንሳይ የምግብ ቤቶች መምሪያ ስለ ባንኮክ ባወጣው የመጀመሪያ እትም፣ በራቸውን ለመንገዱ ከፍተው በከሰል ምድጃ ላይ ለሚጠብሱት ለጄይ ፋይ ኮከብ ሰጣቸው። አንዱ እጅ ያስነሣል፣ ሌላው ይሸልማል!

እውነቱን ለመናገር አስተዳደሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። የእግረኛው መንገድ በብዙ ስፍራ ጠባብ ነው፤ ምሰሶውም ዛፉም ይሻሙበታል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ወይም ልጅ የያዘች እናት በጠረጴዛዎቹ መካከል ማለፊያ ሲያጡ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳሉ። ይህ በደል ነው። ነገር ግን የስንዝር በደል ነው፤ የስንዝርንም ነገር አናጺ ይፈታዋል እንጂ ፖሊስ አይፈታውም። አንድ ወጣት ሹም ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ሜትር ይዞ ቢወጣ ይህን በግማሽ ሰዓት ያየዋል። በአራት ማዕዘን ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰዎች ሲቀመጡ አንደኛው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ማለፊያውን ይዘጋል። በዚህ ፈንታ ጠባብና ረዘም ያለ ገበታ በማጠፊያ ከጋሪው ጎን ወይም ከግድግዳው አጠገብ ቢዘረጋ፣ ተመጋቢዎቹም በአንድ ወገን ቢደረደሩ፣ ቦታው የሚወሰደው ከመንገዱ ርዝመት ይሆናል፤ ስፋቱ ለአላፊው ይተርፋል።

ሲንጋፖር ሌላ ዘዴ መረጠች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የጎዳና ሻጮቿን ጣሪያና የቧንቧ ውኃ ወዳለው አዳራሽ አስገባች፤ ንጽሕናውም ተሻሻለ፣ ዩኔስኮም በ2020 ባህሉን መዘገበላት። ለባንኮክ ግን ይህ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም፤ ከሥራ ወጥቶ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ምግቡን የሚሻው በቆመበት አጠገብ ነውና።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። ርካሹ ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሻጭ ሁለት በርጩማ ደርቦ ከባድ እንግዳ ያስቀምጥበታል። ቅርጽ አውጪው ይህን ካየ የትኛውን እግር ማወፈር እንዳለበት ያውቃል። ነገር ግን አዲሱ ዕቃ ለዐውደ ርእይ ያማረ ሆኖ ዋጋው ቢንር፣ ሻጪቱ ስለማትገዛው የተሻሻለው ለሌላ ሰው ነው።

ስለ ተመጋቢው ብዙ ስናወራ ደግሞ የተረሳ ሰው አለ። ከጋሪው በስተኋላ ሁለት ሦስት የፕላስቲክ ሳፋ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አጣቢዋም በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ አጎንብሳ እስከ ሌሊት ሳህን ታጥባለች። ቅባት ያለበት እጣቢም ወደ ጎዳናው ፍሳሽ ይደፋል። እስከ ወገብ ከፍ የሚል የሳፋ ማስቀመጫ፣ እጣቢውን ወደ ባልዲ የሚያወርድ ቱቦ ያለውና ታጥፎ ከጋሪው ሥር የሚገባ ዕቃ ለመሥራት ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። እኔ ብሆን ሥራውን ከዚህ እጀምረው ነበር፤ ምንም እንኳ ለፎቶግራፍ የማያምር ቢሆን።