ስለ ጀልባ ጉዞና ስለ ተያዘ ቦታ

ባለፈው ወር በዚህ ገጽ ስለ ልጆች የማዕድ ሥርዓት ተነጋግረን ነበር። የዛሬው ነገራችን ስለ ጉዞ፣ ይልቁንም በውኃ ላይ ስለሚደረግ ጉዞ ነው። «የወልድያንና የመርሳን ሰው ከመርከብ ጋራ ምን አገናኘው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዳሩ ግን ወደ ጣና ገዳማት የሚደረገው መንፈሳዊ ጉዞ ከየአጥቢያችን ብዙ ምእመናንን ጀልባ ላይ አውጥቷል፤ ከእነዚህም መካከል ከሐይቅ እስጢፋኖስ ውኃ በቀር ሌላ ሰፊ ውኃ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ብዙ ነው። ስለዚህ የጀልባን ሥርዓት መማር ለእኛም ይገባናል።

ነገሩን ያስነሣብኝ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን በውጭ አገር ከነቤተ ሰቡ የሚኖር ሰው ነው። ለዕረፍቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በሽርሽር መርከብ ተሳፍሮ ኖሮ፣ ሲመለስ ስልክ ደውሎ ያየውን ሁሉ ተረከልኝ። መርከቡ በውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ከተማ ትመስላለች አለ፤ በላይኛው ወለል የመዋኛ ገንዳ አለ፤ በገንዳውም ዙሪያ ሰው ፀሐይ የሚሞቅባቸው መጋደሚያ ወንበሮች በመደዳ ተዘርግተዋል። ታዲያ ገና ጎሕ ሲቀድ አንዳንዱ ተሳፋሪ ከመኝታው ተነሥቶ ይወጣና ከወንበር ወንበር ፎጣ አንጥፎ፣ በላዩም ነጠላ ጫማና መጽሐፍ አስቀምጦ፣ ተመልሶ ይተኛል፤ ወይም ቁርሱን ሊበላ ይወርዳል። ኋላ የመጣው ሰው ባዶውን ወንበር እያየ ቆሞ ይውላል። ጠቡ ስለ በዛ አንዳንዶቹ የመርከብ ኩባንያዎች ሕግ አወጡ፤ ሠላሳ ወይም አርባ ደቂቃ ያህል ባለቤቱ ያልተመለሰበትን ፎጣ አስተናጋጆቹ አንሥተው ወንበሩን ለሌላ ይሰጣሉ። «የኔታ፣ እኔስ ሳየው ሳቅሁ፤ ልጆች ሳለን በጥምቀት ማደሪያ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋቢ እያነጠፍን ቦታ የምንይዘው ትዝ አለኝ» አለኝ።

እርሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የየካቲት ኪዳነ ምሕረትን በዓል በዘጌ ለማክበር ከወልድያ ተነሥተን ነበር። የዲልብን ዳገት ወጥተን፣ በጋሸና፣ በደብረ ዘቢጥና በንፋስ መውጫ አድርገን፣ ደብረ ታቦርን አልፈን ወረታ ላይ ከጎንደር መንገድ ተገናኘን። ይህ ቻይናውያን የሠሩት የወልድያና የወረታ መንገድ ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱም በመንገዱ ዳር ያለውም ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷል፤ ዛሬም ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ ከዋጋው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ።

በበዓሉ ዕለት ገና ሳይነጋ ከባሕር ዳር ወደብ ወረድን። ጀልባው ትንሽ፣ ሞተር የተገጠመለት፣ ከዐሥራ አራት ሰው በላይ የማይጭን ነበር። ባለጀልባው አስተዋይ ሰው ነበርና የሚቈጥረው ወንበሩን ሳይሆን ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ነበር፤ «በጃኬቱ ልክ ነው የምጭነው» አለን። ሁለቱ ጓደኞቼ ሻይ ሊጠጡ ወደ ኋላ ቀርተው ስለ ነበር እኔ ቀድሜ ገባሁና ጋቢዬን በአግዳሚው ላይ በረዥሙ ዘረጋሁት። ጥቂት ቈይተው አንዲት አሮጊት እናት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የስእለት ጃንጥላ በክንዳቸው ይዘው፣ የልጅ ልጃቸው እየደገፋቸው መጡ። «ልጄ፣ እዚህ ሰው አለበት?» አሉኝ። «አዎን እማማ፣ ተይዟል» አልኋቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ተመልሰው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ክፉ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ለጓደኞቼ ታማኝ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ባለጀልባው ሞተሩን አስነሥቶ ከወደቡ ሲርቅ ስልኬ ጮኸ። ጓደኞቼ ናቸው፤ በሌላ ጀልባ ተሳፍረው ከእኛ ቀድመው ሄደዋል። የእኔ ጋቢ ብቻውን በሁለት ሰው ቦታ ተንደላቅቆ ዘጌ ገባ።

ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ በቡናው ጥላ ውስጥ ያልፋል፤ ለጎበዝ አጭር ነው፤ ለሽማግሌ ግን ዳገት ነው። እኛ ቅዳሴውን አስቀድሰን፣ ታቦተ ሕጉ ዑደት ሲያደርግ አይተን፣ እልል ብለን፣ ከዛፍ ሥር ጠበል ጸዲቅ እየተካፈልን ሳለን እኒያ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋራ ከዳገቱ ብቅ አሉ። ታቦቱ ገብቷል። ሁለት ጀልባ ሞልቶባቸው በሦስተኛው እንደ መጡ ከልጂቱ ሰማሁ። ጃንጥላቸውን ለገበዙ አስረክበው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተሳልመው ተቀመጡ። ሄጄ ጋቢው የማን እንደ ነበርና ቦታው ባዶውን እንደ መጣ ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ፦ «እሷ ባለችኝ ሰዓት ደረስሁ» አሉ። ይህን ያሉት እኔን ለማጽናናት ይሁን ራሳቸውን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንግዲህ ቦታ መያዝ ሁሉ ነውር ነው አልልም። እናት ሕፃኗን ልታስሸና ብትወርድ፣ ሽማግሌ ውኃ ሊጠጣ ቢነሣ፣ ጎረቤቱ ቦታውን ቢጠብቅለት ደግ አደረገ። ገና ላልመጣ ሰው የመጣውን መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። የመርከቡ ባለሥልጣኖች ይህን በደቂቃ ለክተው ለዩት፤ እኛ ደግሞ «አሁን እዚህ ነበረን? ወይስ ገና ይመጣል?» በምትል አንዲት ጥያቄ ልንለየው እንችላለን። ለመርከቡ ሰው የቀረበት ፀሐይ መሞቅ ነው፤ ነገ ይሞቀዋል። ለስእለት የመጣ ሰው ግን የሚቀርበት በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው፤ በዕድሜ ለገፋም ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የጉዞ ማኅበራት አስተባባሪዎች የጀልባውን ተራ አስቀድመው በስም ቢጽፉ፣ በመጀመሪያውም ጀልባ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕመምተኞችን ቢያስገቡ መልካም ይመስለኛል። ጎበዝ በሁለተኛውም ይደርሳል።

ከዚህ በላይ ውኃ የራሱ ጠባይ አለው። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም ይባላል። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነፋስ በነካው ጊዜ ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ማለዳ መሄድና ቀን ሳይመሽ መመለስ ይገባል። የሐይቃችን የሐይቅ እስጢፋኖስ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከመርሳና ከሀብሩ ለሽርሽር ወርደው ልብሳቸውን ጥለው የሚገቡ ወጣቶቻችን ዳር ላይ ጉልበት የማይደርሰውን ውኃ አይተው እንዳይታለሉ፣ አባቶችና እናቶች ይህን ቍጥር ንገሩልኝ። በወንዝ ውስጥ መዋኘት የለመደ ሁሉ ሐይቅ ያውቃል ማለት አይደለም።

ጀልባ ላይ ስትወጡ አንድ በአንድ፣ ወደ መካከሉ እየረገጣችሁ ግቡ። ጉማሬ ታየ ሲባል ሁላችሁ ወደ አንድ ወገን አትነሡ፤ ጉማሬውን ባታዩት ይሻላል። ጃኬቱን ከነጠላው በላይ ልበሱና ማሰሪያውን እሰሩ፤ ብዙ እናቶች ነጠላው እንዳይጨማደድ ብለው ጃኬቱን ከጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡት አያለሁ፤ በጭን ላይ ያለ ጃኬት ግን ማንንም አያንሳፍፍም። የሚያቅለሸልሸው ሰው ከጀልባው መካከል ወይም ከኋላ ተቀምጦ በስልኩ ላይ ከማቀርቀር ይልቅ የሩቁን ዳርቻ ይመልከት። ከመሳፈሩ በፊት ቀለል ያለ ነገር መቅመስና ዝንጅብል ማኘክ ይረዳል፤ የሚቈርብ ሰው ግን ይህ ስለማይሆንለት ብዙ የማይናወጠው መቀመጫ ለእርሱ ይለቀቅለት። ዋጋውንም ከመውጣታችሁ በፊት መመለሻውን ጨምራችሁ ቍረጡ፤ ከደሴት ላይ ሆኖ ዋጋ መከራከር አይመችም።

የመርሳ ሰው ስንቁ ብርቱካን ነው፤ ያንም በጀልባ ላይ ያካፍላል፤ ደግ ልማድ ነው። ልጣጩንና የሃይላንዱን ላስቲክ ግን ወደ ውኃው አትወርውሩ። ጣና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም ወርሮት፣ የአካባቢው ሕዝብ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። እኛ ደግሞ ቈሻሻችንን አናክልበት።

ስለ ሴቶች እኅቶቻችን አንድ ነገር ላስታውስ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ ገዳሙ ሥርዓት ሴት አይገባባቸውም። ይህን የማያውቁ አስተባባሪዎች ሴቶቹን ከጀልባው ውስጥ በፀሐይ ጥለው፣ ወንዶቹ በዳጋ የነገሥታቱን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን ዐፅም ሲሳለሙ ሁለት ሰዓት ይቈያሉ። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ መርሳቱ ግን የእኛ ነው። ከመነሣት በፊት ባለጀልባውን አነጋግሮ ሴቶቹን በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በአዝዋ ማርያም፣ ወይም ጊዜ ካለ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ ማሳለም ይቻላል።

በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው ትልቅ መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ባሕር ዳር ደርሳለች። እንግዲህ በእኛም ውኃ ላይ መርከብ ካለ፣ ጥላ ያለበትና ፀሐይ ያለበት መቀመጫ መኖሩ አይቀርም፤ ተማሪዬም የነገረኝ ጠብ ይከተል ይሆናል። ጥላውን ለሽማግሌ መልቀቅ፣ ባይሆንም በተራ መቀመጥ ከወዲሁ ለልጆች ቢነገራቸው አይከፋም። እንደ ሶደሬ ባሉ መዋኛዎችም እንዲሁ ነው፤ ታጥቦ መግባት፣ በእርጥብ ወለል ላይ አለመሮጥ፣ ሕፃንን ከዓይን አለመለየት።

ወደ ዘጌው ጉዞ ልመለስ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ እንደ ተባለው ተነሣ፤ ባለጀልባውም ቶሎ እንድንሳፈር ይጮኽ ጀመር። እኒያን እናት ደግፌ አውርጄ ከጀልባው መካከል ካስቀመጥኋቸው በኋላ ሌሎችን ለመርዳት ወደ ዳር ወጣሁ። ስመለስ ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ ከእሳቸው ጎን ብቻ ነጠላቸው በአግዳሚው ላይ ተዘርግቷል። አንድ ጎረምሳ ሊቀመጥበት ሲል በእጃቸው ከለከሉትና፦

«ተይዟል» አሉት። ወደ እኔም ዘወር ብለው፦ «ና ተቀመጥ ልጄ፤ ላንተ ነው የያዝሁት።»

አሁን እዚያ ነበርሁና ሕጉን አላፈረስሁም። ሆኖም ነጠላውን አንሥቼ፣ አጥፌ በጭናቸው ላይ ካስቀመጥሁ በኋላ ነው የተቀመጥሁት። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ማዕበሉ ያነሣን ይጥለን ነበር፤ እሳቸውም ክንዴን ይዘው የልጅ ልጃቸው በትምህርት ቤት ስንተኛ እንደምትወጣ ይነግሩኝ ነበር።