እገዳው ስንት ዕቃ አስቀረ? ባንክን ብቻ አትጠይቁ

ሰሞኑን አንድ ላኪ ወዳጄ «የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ገቢ ዕቃን በደንብ ቀንሶ ነበር፣ ቁጥር አይዋሽም» ብሎ ሞገተኝ። ቁጥሩ ከየት ነው? ከባንክ።

ጥቅምት 2015 የመጣው ትእዛዝ ለውስኪ፣ ለሽቶ፣ ለመኪና፣ ለሰው ሠራሽ ፀጉርና ለመሳሰሉት ኤልሲ አይከፈት የሚል ነው። ኤልሲው ቢወርድ ምን ይገርማል? የተዘጋው እሱ ነዋ! ጥያቄው ዕቃው ቀረ ወይስ በር ቀየረ ነው። እኔ ኮኪት ሆኜ ከመተማ ዮሐንስ የሚመጣውን መንገድ አያለሁ። ሽቶው ከሱቅ አልጠፋም፣ ተወደደ እንጂ።

ደግሞ ያኔ ዶላር ለማን ነበር? ያልታገደውም ዕቃ ወረፋ ላይ ነበር። እንበልና የታገደው በመቶ 40 ወርዶ ያልታገደውም በመቶ 30 ከወረደ፣ ለእገዳው የሚሰጠው 10ሯ ናት። ከዚያ ሚያዝያ 2015 ላይ የሱዳን ጦርነት መጣ፤ በእኛ በር የቀረውን ሁሉ በእገዳው ማሳበብ አይቻልም።

ሲነሳም እንደዚያው ነው። ሐምሌ 22/2016 እገዳው የተነሳው ብር ለገበያ በተለቀቀበት ዕለት ነው። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የትኛው ምን እንዳመጣ እንዴት ይለያል? የነዳጅ አውቶሞቢል እንደሆነ በሌላ ክልከላ ስለቀረ ከስሌቱ አውጡት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሰሊጡ ነው። ብዙ ላኪ ሰሊጥና ቡና ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝቶ በኪሳራ ይሸጥ እንደነበር፣ ኪሳራውንም በሚያስመጣው ዕቃ ያካክስ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ጥቅምት አንድ ገዢ ጥሩ ዋጋ ቆርጦልኝ ከገበሬዎች ጋር ተስማማሁ። የሚያስመጣው ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ ገባና ሰውየው ስልክ ማንሳት ተወ። ገበሬው በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ይሄ የትኛው የገቢ ዕቃ ሪፖርት ላይ አለ?

ስለዚህ ዩኒየኖች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር የኩንታሉን ዋጋ በየቀኑ መዝግቡ፤ የታገደና ያልታገደ ዕቃ የሱቅ ዋጋም አብራችሁ ያዙ። ባንክ የማያየው እዚያ ይታያል። የ2015ቱ ደብተሬ እጄ ላይ አለ፤ ማስተያየት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።