ቬትናም ከማሳ ጀመረች፤ እኛ ከዶላር!

«ቡናውስ የኛው ነበር ልጄ፤ ዋጋው ነው የዶላር የሆነው!»

ይህን ያሉኝ በሰፈሬ መንገድ ዳር ጀበና ጥደው የሚተዳደሩ እናት ናቸው። አንዷን ስኒ በ15 ብር ሲሰጡኝ ከርመው ድንገት 25 ቢሉኝ ጊዜ ስላጉረመረምኩ ነው እንዲህ ማለታቸው። ምን መልስ አለኝ? ከፍዬ ተነሳሁ። ነገሩ ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። የቡና አገር ሰው አንድ ስኒ ቡና ሲያርበት፣ ትናንት በቡና ስሟ የማይነሳ አገር ደግሞ በቡና ስትከብር ምን ይባላል? ያቺ አገር ቬትናም ናት።

እንደምናስታውሰው መንግሥታችን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ዘለለ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቅዶ አጨበጨበ። ባለሥልጣኖቻችንም በቴሌቪዥን ቀርበው አብረው አጨበጨቡ። ያላጨበጨበው ደመወዝተኛው ብቻ ነው፤ እጁ ባዶ ዘምቢል ይዟላ!

ልብ በሉ፣ እኔ የመዋቅር ማሻሻያ አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በ57 እና በ110 መካከል የነበረው የጥቁር ገበያ ቀልድ ማብቃት ነበረበት። ቡና ላኪው በቡናው እየከሰረ ዶላሯን ለማግኘት ብቻ ሲልክ፣ ኪሳራውን ደግሞ ባስገባው ዕቃ ላይ ጭኖ ከኔና ከእርስዎ ኪስ ሲያወጣ ኖሯል። ጥሌ ከለውጡ ጋር ሳይሆን ከመነሻው ጋር ነው። ለውጥ ከየት ይጀምራል? ከማሳ ወይስ ከባንክ መስኮት?

ሁለት ድሆች፣ አንድ ሰልፍ

(የቬትናምን ዘመን የምቆጥረው በፈረንጆቹ፣ የኛን በኛው ነው።)

በ1986 ቬትናምና ኢትዮጵያ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ይመስሉ ነበር። ሁለቱም የሌኒንን ምስል ሰቅለው፣ ከሞስኮ እጅ እየጠበቁ፣ ከአቅማቸው በላይ ጦር ይቀልቡ ነበር። የነሱ ወታደር ካምቦዲያ፣ የኛ ልጅ ኤርትራና ትግራይ ያልቅ ነበር። እነሱ ገበሬውን በኅብረት ማሳ ሰብስበው ሩዙን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይወስዱበታል። እኛም የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ብለን አደራጅተን፣ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በሚሉት መሥሪያ ቤት ኮታ ጥለን፣ አንዲት ኩንታል ጤፍ እንዳታልፍ በየመንገዱ ኬላ ዘርግተን ነበር። እኛን በ1977 ድርቁና ጦርነቱ ያመጡት ረሃብ አጨደን። እነሱም በ1988 መጀመሪያ ላይ ሰሜናቸው ተርቦ ነበር። የዋጋ ንረታቸውማ በመቶዎች የሚቆጠር ነበር።

እንዲያውም በዓለም ባንክ ሰንጠረዥ በ1990 የአንድ ቬትናማዊ የዓመት ገቢ መቶ ዶላር እንኳን አይሞላም ነበር። ኢትዮጵያዊው በወረቀት ላይ ይበልጠው ነበር። (ብራችን በ2 ብር ከ7 ሳንቲም በግድ ተሰፍራ ስለነበር ያችን ብልጫ እኔም አላምናትም።) ዛሬስ? ቬትናማዊው ከአራት ሺህ ዶላር አልፏል። እኛ አንድ ሺህዋ አካባቢ እንንደፋደፋለን።

ምን ተፈጠረ? ሰማይ ተቀዶ ዶላር ዘነበላቸው? ኧረ በጭራሽ! አሜሪካ ማዕቀቧን ያነሳችው በ1994 ነው። የገንዘብ ድርጅቱም የቆየ ዕዳቸው እስኪስተካከል እስከ 1993 አላበደራቸውም። ሞስኮም እጇን እየሰበሰበች ነበር። ትልቁን ለውጥ የጀመሩት አበዳሪ ሁሉ ጀርባውን በሰጣቸው ሰዓት ነው።

ገበሬው ቀደመ፣ ፓርቲው ተከተለ

ነገሩ የሚጀምረው በ1966 ነው። ቪን ፉክ በተባለ ክፍለ ሀገር ኪም ንጎክ የሚባል የፓርቲ ጸሐፊ ነበር። የኅብረት ማሳው እንዳልሠራ በዓይኑ አየና መሬቱን በውል ለየቤተሰቡ እንዲሰጥ ፈቀደ። ሩዙ በረከተ። ፓርቲው ግን ሂስ አወረደበት፣ አሠራሩም ታገደ። ሰውየው የተከበረውና የተሸለመው ከሞተ በኋላ ነው። የትም አገር ያለ ካድሬ አንድ ነው መሰለኝ፤ እውነት የሚናገረውን መጀመሪያ ይቀጣል፣ ኋላ ሐውልት ያቆምለታል።

ገበሬው ግን በድብቅ ቀጠለ። መንግሥት በ1981 ግማሽ በሩን ከፈተ። በታኅሣሥ 1986 ፓርቲው ተሰብስቦ «ዶይ ሞይ» ያለውን የእድሳት መንገድ አወጀ። በሚያዝያ 1988 ደግሞ አሥረኛው ውሳኔ በሚባለው መሬቱን ለረጅም ጊዜ ለየቤተሰቡ አስረከበ፤ ምርቱን የመሸጥ መብትም ጨመረለት። ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1989፣ የሸቀጥ ዋጋ የተለቀቀውና የዶላሩ ምንዛሪ ለገበያው የቀረበው። ልብ አድርጉ! መጀመሪያ ገበሬው የሚሸጠው ነገር ያዘ፣ ቀጥሎ ዋጋው ተለቀቀ። በዚያው በ1989 ጦራቸውን ከካምቦዲያ አስወጡ።

ውጤቱስ? በዋዜማው ረሃብ የነበረባት አገር በ1989 ወደ 1.4 ሚሊዮን ቶን ሩዝ ለውጭ ሸጠች! በዚያው ዓመት የዋጋ ንረቱ ወደ ሁለት አሃዝ ወረደ። ዋጋ ተለቆ ንረት የወረደው ወለዱን ከንረቱ በላይ ስላደረጉትና ገበያው ላይ የሚሸጥ እህል ስለነበረ ነው። የኛ ሊቃውንት ይህችን ገጽ ዘለሏት እንዴ?

በ1993 ደግሞ የመሬት ሕግ አወጡ። መሬቱ ዛሬም ቢሆን የሕዝብ ነው ይባላል፣ ባለቤቱም መንግሥት ነው። ገበሬው ግን የያዘውን የመጠቀም መብት መለዋወጥ፣ ለሌላ ማስተላለፍ፣ ማከራየት፣ ማውረስና ለባንክ ማስያዝ ይችላል ተባለ። ለዓመታዊ ሰብል 20 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 50 ዓመት ሰጡት። ሀብታም ሁሉንም እንዳይጠቀልል ደግሞ በስፋቱ ላይ ጣሪያ አበጁ። መሬት ከተሸጠ ገበሬው ተፈናቅሎ ያልቃል እያሉ ሠላሳ ዓመት ላስፈራሩን ሁሉ መልሱ ይኸው፤ በመሸጥና በመታሰር መካከል ሌላ መንገድ ነበር።

ቡና ዓመታት ይጠይቃል

አሁን ወደ ስኒዋ እንመለስ። የቡና ችግኝ ተተክሎ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ቡና የሚተክል ገበሬ ከአራት ዓመት በኋላም ማሳው የእሱ እንደሚሆን ማመን አለበት። የዳክ ላክ ገበሬ አመነ። በ1986 ቬትናም የምታመርተው ቡና ከ20 ሺህ ቶን እምብዛም አይዘልም ነበር፤ እኛ በብዙ እጥፍ እንበልጣት ነበር። በ2000 አካባቢ ኮሎምቢያን አልፋ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች! አብዛኛው ሮቡስታ ነው፤ በጣዕም ከይርጋጨፌና ከሐረር ጋር አይወዳደርም። ግን ጣዕም ብቻውን ምሳ አይሆንም። የነሱ ቡና ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በ2001 እና 2002 የዓለም ዋጋ ወደቀ፤ የሐረርጌ ገበሬም ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። የሀኖይ ውሳኔ እስከ ሐረርጌ ጓሮ ድረስ መጣ ማለት ነው።

የኛስ ገበሬ? የማውቀውን ልናገር። አያቴ የጎጃም ገበሬ ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲመጣ፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም ነበሩ ተብሎ «ቢሮክራት» የሚል ታርጋ ተለጠፈባቸው። እርሳቸው ቢሮ የሚባል ነገር ገብተው አያውቁም! ማሳቸው ተሸንሽኖ አራት ጥማድ ቀረላቸው። ከዚያ በኋላ ጌሾም ባሕር ዛፍም አልተከሉም። ለምን ሲባሉ «ነገ የማን እንደሚሆን ለማላውቀው መሬት ምን ብዬ ልድከም?» ይሉ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ የዘሩት በዓመቱ የሚታጨደውን ብቻ ነው። እዚህች ላይ ነው ሁለቱ አገሮች የተለያዩት። በ1993 ቬትናማዊው የ50 ዓመት ወረቀት ሲቀበል፣ ከአራት ዓመት በኋላ የኔ አያት በገመድ ተለክተው ተቀነሱ።

እኛ ስንት ጊዜ ጀመርን?

በየካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ገበሬው አልጠበቀም፤ የኅብረት ማሳውን በጥቂት ወራት አፍርሶ ተከፋፈለው። ማንም አላስተማረውም። ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ1985 መስከረም ኢህአዴግ ብርን ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር አወረደ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ቆለፈ። ከምንዛሪ ጀምረን በመሬት ላይ ቁልፍ አደረግን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ አልተሠራም፣ ትምህርት ቤት አልተከፈተም፣ ድህነት አልቀነሰም አልልም፤ እውነቱን መካድ ነው። ግን ዕድገቱ በብድር ሲሚንቶ የቆመ ስለነበር በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል አቅቶን ዓለም ሰማብን።

በዚሁ በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ይበል! ግን ቬትናም ይህንን ከፈቀደች 31 ዓመት ሆኗት ነበር። ገበሬው መሸጥ የማይችለውን መብት ይዞ ባንክ ቢሄድስ ባንኩ በምን ያህል ይምነው?

ማዳበሪያውስ? ከውጭ የሚገባው በመንግሥት ድርጅት በኩል፣ የሚከፋፈለው በዩኒየን በኩል ሆኖ ኖሯል። በ2015 ሰኔ የአማራ ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ጮኸ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ኬላውም ቢሆን ከደርግ ጋር አልሞተም። ጤፍ ጫኝ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ከጎጃም እስከ አዲስ አበባ ስንት ቦታ ገመድ እንደተወጠረባቸው፣ ለማን ስንት እንደከፈሉ ይነግሯችኋል። ዶላሩ ነጻ ወጣ፣ ጤፉ ግን ገና እስረኛ ነው!

«የብረት ክንድ ነው» ለሚሉን

እዚህ ላይ ካድሬው ጣልቃ ገብቶ፣ ቬትናም ያደገችው በአንድ ጠንካራ ፓርቲ ነው፣ እናንተ ዝም በሉና እንሥራ ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ ቬትናም በአንድ ፓርቲ ትገዛለች፣ ጋዜጠኛም ታስራለች። እኔ ሀኖይ ብሆን ይህን ጽሑፍ የሚያትምልኝ አላገኝም ነበር። የደጋው ብሔረሰቦችም መሬታችን በቡና ተወሰደ ብለው በ2001 ተነስተው ነበር። ያንን አንቅዳ።

ነገር ግን ያው ፓርቲ፣ በዚያው የብረት ክንድ፣ ከ1986 በፊት ሕዝቡን አስርቦ ነበር። የተለወጠው ክንዱ አይደለም። የተለወጠው እጁን ከገበሬው ጉሮሮ ላይ ማንሳቱ ነው። የብረት ክንድማ ቢያበለጽግ ኖሮ፣ ደርግ የነበረን እኛ ዛሬ ጃፓን ነበርን!

ቬትናም በ2024 ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕቃ ለውጭ ሸጠች። አብዛኛው እንደ ሳምሰንግ ያሉ የውጭ ኩባንያዎች የሚያመርቱት ነው። ኩባንያዎቹ ግን የመጡት ሰላም አይተው፣ የጠገበ ሠራተኛ አግኝተው ነው። እኛም በ2008 የሐዋሳን ፓርክ ስንመርቅ ይመጡ ጀምረው ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ በአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ የመግባት ዕድላችን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ታገደ፣ ትልልቆቹም ሻንጣቸውን ሸከፉ። በ2017 በጀት ዓመት ከውጭ ሽያጭ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘን ተብሎ ከበሮ ተመታ። ደስ ይላል። የቡናው ብቻ ከ2 ቢሊዮን አልፏል። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ለለቃሚዋና ለተካዩ ስንቱ ደረሰ? ችግኝ ለመጨመር ስንት ገበሬ ደፈረ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ አበዳሪ ሳንጠይቅ ማድረግ የምንችለውን እናድርግ። ለገበሬው ማንም ካድሬ በገመድ ለክቶ የማይቀንሰው፣ ሊያስተላልፈውና ሊያከራየው የሚችል የረጅም ዘመን መብት ይሰጠው። ማዳበሪያውን ነጋዴውም ያስገባው። ኬላው ይነሳ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጠመንጃው ዝም ይበል፤ ቬትናምም ጦሯን ሳትመልስ ሀብታም አልሆነችም። ይህ ሁሉ አንዲት ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ገበሬውን ማመኑን ብቻ ነው። ከባዱም እሱ ሳይሆን አይቀርም!

ያቺ ጀበና ጋ ነገም እሄዳለሁ። እናታችን ሠላሳ ብር ቢሉኝ አላጉረመርምም። ጥፋቱ የእርሳቸው አለመሆኑን አውቃለሁ። የእናንተስ ስኒ ስንት ገባ?

ልብ ያለው ልብ ይበል!