የብልቃጡ ሩዝና የቃሊቲው ጆንያ

ቃሊቲ ሲባል ብዙው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ወህኒ ቤቱ ነው። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለ ሩዝ ነው። ከጅቡቲ በአዳማ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና አዲስ አበባ የሚገባው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ከተሜው የሚቀቅለው ሩዝ አብዛኛው ከእስያ በዶላር የተገዛ ነው። ሩዝን “የሚሊኒየሙ ሰብል” ብለው በ2010 እ.ኤ.አ. ስትራቴጂ አውጥተውለት ነበር። ሚሊኒየሙ ገብቶ ሰነበተ፣ ጆንያው ላይ የሚነበበው ግን ዛሬም የሌላ አገር ስም ነው!

እዚያው ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂ ያስተምራል። “ታዲያ ሩዙን ለምን በላብራቶሪ አናበቅለውም?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ደግ ነው፤ መልሱ ግን ሪባን ቆራጮች በሚወዱት ቋንቋ የሚነገር አይደለም።

በብልቃጥ ችግኝ ማባዛት የሚያዋጣው ለሙዝ፣ ለእንሰት፣ ለሸንኮራ አገዳ ነው። እነዚህ ከአካላቸው ተቆርጠው ስለሚተከሉ በሽታውም አብሮ ይተከላል፤ ብልቃጡ ንጹሑን ይሰጣል። ሩዝ ግን በዘሩ ይዘራል። እያንዳንዷን ችግኝ በጠርሙስ አሳድጎ ፎገራ ድረስ የሚያመላልሳት ማነው? ቀልድ ነው!

የብልቃጡ ቁም ነገር ሌላ ነው። ሁለት ሩዝ ሲዳቀል የልጆቹ ጠባይ እስኪረጋ ስድስት ሰባት ትውልድ መዝራት ይጠይቃል። ጃፓኖች በ1968 እ.ኤ.አ. የአበባውን ዱቄት የያዘችውን ከረጢት ምግብ ባለው ብልቃጥ ውስጥ አኑረው ተክል አወጡ። ተክሉ የዘር ድርሻው ግማሽ ነው፤ እጥፍ ሲሆን ግን በአንድ ጊዜ የረጋ ዝርያ ይሆናል። ስንት ዓመት ተረፈ! ሴራሊዮናዊው ሞንቲ ጆንስም የአፍሪካንና የእስያን ሩዝ ሲያዳቅል ሊሞት የነበረውን ሽል በብልቃጥ እያተረፈ ነው ኔሪካን ያስገኘው። በ2004 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለመ። ፈረንጅ አይደለም፣ አፍሪካዊ ነው።

ኔሪካ እኛም ዘንድ ገብቷል፤ የደጋው ብርድ ግን አይስማማውም። የፎገራ ገበሬ በደርግ ዘመን ሰሜን ኮርያውያን ካመጡት ሩዝ የወጣውን ኤክስ ጅግናን የሙጥኝ ያለው ወዶ አይደለም፣ ብርድ ስለሚችልለት ነው። እንግዲህ ብርዱንም የሚችል፣ ምርቱም የሚሻል ዝርያ ቶሎ ማውጣት ነው የብልቃጡ ሥራ። አቃቂ ራሷ የጤፍና የሽምብራ አገር ናት፤ እሱንም ጥቁር አፈር ኮንዶሚኒየም እየበላው ነው። ሩዝ ዝሩባት አላልንም።

ግን ብልቃጥ የተደረደረበት ክፍል ቀንም ሌሊትም 25 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። መብራት ሄዶ ቢያድር የወራት ልፋት ገደል ይገባል። ሆርሞኑም፣ ማርጊያውም በዶላር ነው። ዶላሩ ለጆንያው ሲሆን ይገኛል፣ ለብልቃጡ ሲሆን ወረፋ ጠብቁ ይባላል?

ለመሆኑ ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልና ቂሊንጦ ያሉት መምህራን በዓመት ስንት ጊዜ ይገናኛሉ? ከተመራቂዎቹስ ስንቱ ላብራቶሪ ገባ፣ ስንቱ ባጃጅ ይነዳል? የሚመለከተው ክፍል በቁጥር ይመልስልን፤ እናትማለን።